እኔ ነኝ ማለት ስም አይደለም

ትርንጎ ማረፏን የሰማሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። እኛ አገር ኔትወርክ ተቋርጦ ከርሞ ስለነበር፣ ፋጡማ በየጊዜው የላከቻቸው ሰባት የድምፅ መልእክቶች በአንድ ቀን ስልኬ ላይ ወረዱ። እኔ ጁባ በምሠራበት ሆቴል አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። የመጀመሪያውን ከፈትኩት።

«እማሆይ፣ ትርንጎ አረፈች። ሆዷን አሟት ነው ያሉት። ኮን እናቷ ጎን ቀበሯት። አብሽሪ እህቴ።»

የያዝኩትን አንሶላ አጥፌ ጨረስኩ። ሌላ አነሣሁ። ያንንም አጠፍኩ። ሁለተኛውን መልእክት ከፈትኩ።

«እህቷ ወልድያ ለሕክምና መጥታ አገኘኋት። ያኔ ያን ደብተር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ ብላ ያዘችኝ። እስከ ዛሬ የደጋሚ ቤት ይሉናል አለች። ከተዝካሯ እንኳ የቀሩ ሰዎች አሉ። እኔ አላውቅም አልኳት፣ ወላሂ አላውቅም። እማሆይን እጠይቅልሻለሁ ብያታለሁ። ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። የቀሩትን አምስቱን ያን ቀን አልከፈትኳቸውም።

እማሆይ ስሜ አይደለም፤ መነኩሲትም አይደለሁም። ላሊበላ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ክፍል በሃያ አራት ዓመቴ ስቀጠር ፋጡማ ያወጣችልኝ ስም ነው። ነጠላዬን ከአንገቴ ሳላወርድ ስለምሠራ፣ ቃል ከአፌ ከማውጣቴ በፊት ሦስት ጊዜ ስለማስብ። ስሙ ያዘ። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር እማሆይ ይለኝ ነበር። በስሜ የምትጠራኝ ትርንጎ ብቻ ነበረች።

ትርንጎ የላውንደሪው ኃላፊ ናት። ኮን ተወልዳ፣ ብልባላ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና ጥቂት ዓመት አስተምራ፣ ለምን እንደተወችው ለማንም ሳትናገር ሆቴል የገባች ሴት ነበረች። ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ወደ ፊት ጎበጥ ያለ። ከሻሿ ሥር ሁልጊዜ እርሳስ ይሰካል። የታጠፈ አንሶላ የምትፈትሸው በእጇ ጀርባ እየዳበሰች ነው። «መዳፍን አትመኑት፤ ሥራ አደንድኖታል። ሽብሽቡን የሚያውቀው ጀርባው ነው» ትለናለች። በዕድሜ ስለምትበልጠን እትዬ እያልን አንቱ ልንላት ስንሞክር፣ «አንቱ የሚባሉት አባ ናቸው፤ እኔን አንቺ በሉኝ፣ የምትሰድቡኝም እንዲቀላችሁ» አለችን።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምታስተምረው ማጠፍን አይደለም፤ ማንኳኳትን ነው። ሦስት ጊዜ ማንኳኳት፣ በልብ እስከ አሥር መቁጠር፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። በገባሁ ዕለት አንሶላ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን በላይዋ ዘጋችና አንኳኪ አለችኝ። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

በሩን ከፈተችው። «እኔ ማን?»

«እኔ… እኔ ነኛ።»

«እኔ ነኝ ማለት ስም አይደለም፣ እህቴ። ሌባም እኔ ነኝ ይላል። ባልም እኔ ነኝ ይላል። ስምሽን ተናገሪና ቁሚ። ይክፈት አይክፈት የእንግዳው ፈንታ ነው።»

«የእኔ ባል ምን አለበት» አለች ፋጡማ ከማጠቢያው ማሽን ኋላ። «እኔ ነኝም ሳይል ነው የሚገባው።»

ፋጡማ ከመንገድ ዳር ከተማ የመጣች እስላም ናት። ማጠቢያው የእሷ ነበር፤ እኔ ካውያ እይዛለሁ። ሦስተኛዋ በላይነሽ የሙጃ ልጅ ናት፤ ወጥ ቤት ብትሠራም የገበታ ጨርቅ አመጣሁ እያለች እኛ ጋ የምትቀመጥ።

መጽሐፉን ያገኘነው ከአንድ ክፍል ፍራሽ ሥር ነው። ፈረንጅ በብዛት በሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነገር ተረስቶ ይቀራል። የተረሳ ዕቃ ስድስት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ካልጠየቀ ላገኘው ይሰጣል። ማንም አልጠየቀም። መቼም ማን ደውሎ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ረስቻለሁ ይላል? ሽፋኑ ላይ ጥቁር ክንፍ ያለው ወንድ ራቁት ደረቱን ቆሟል።

«ሸሚዝ የለውም» አለች በላይነሽ።

«ክንፉ አላስገባ ብሎት ይሆናል» አለች ፋጡማ።

እኔ ዞር አልኩ። ትርንጎ እንደ ተማሪ መጽሐፍ በጋዜጣ ለበደችው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለተቀደዱ አርእስቱ ምን እንደሆነ አላወቅንም። ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው የምሳ ዕረፍታችን፣ እኛ የጀመርነውን ሥራ ሳንተው፣ በአማርኛ እየመለሰች ታነብልን ጀመር፤ በኋላ ደግሞ በሃምሳ ሉክ ደብተር በእርሳስ ትጽፈው ያዘች። አንዱ ደብተር ሲያልቅ ሌላ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቻዋን የምትኖር አንዲት ልጅ አለች። እንግሊዝኛው ስሟ ለአፍ አይመችም ብላ ትርንጎ ብርቅነሽ አለቻት። አንድ መልአክ እንዲጠብቃት ታዝዟል፤ አንድ ጋኔን እንዲያጠፋት። ጋኔኑ ሊያጠፋት መጥቶ ይወዳታል። መልአኩም ይወዳታል፤ ግን ሕግ አለበት። ያያል እንጂ መናገር አልተፈቀደለትም።

ጋኔን ለማለት ራሱ አንድ የምሳ ሰዓት ፈጅቶብናል።

«ይሄን ምን እንበለው?» አለች ትርንጎ እርሳሷን ከሻሿ እያወጣች።

«ሰይጣን» አልኩ። ከእኔ የመጣው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

«ሰይጣን ካልነውማ ማን ያፈቅረዋል?»

«ጅን በሉት» አለች ፋጡማ። «የኛ ሰፈር ጅን ያገባት ሴት ነበረች። ከሰው ባሌ ይሻላል ትል ነበር፣ ወላሂ።»

«ኧረ ዓይነ ጥላ ነው!» አለች በላይነሽ። «ሴት ወዶ የሚቀመጥባት፣ የመጣላትን ባል ሁሉ የሚያባርርባት። የአክስቴን ልጅ ስንት ጠበል አዙረናታል።»

ትርንጎ አሰበች። «ዓይነ ጥላ ሲመጣ ያስፈቅዳል?»

«ምን ያስፈቅዳል፤ ዝም ብሎ ይገባል እንጂ።»

«እንግዲያው ይሄኛው ዓይነ ጥላ አይደለም። ይሄኛው ያስፈቅዳል» አለችና ጋኔን ብላ ጻፈች።

ጋኔኑ በእርግጥም ያስፈቅድ ነበር። ብርቅነሽ ደጅ ቆሞ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ እስከ አሥር ይቆጥራል፤ እንደገና ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ካልከፈተችለት በመጣበት ይመለሳል። ፋጡማና በላይነሽ ይህን ሲሰሙ ሥራቸውን ያቆማሉ። ፋጡማ እጇ እንደረጠበ አየር ላይ ይቀራል። እኔ ግን ከነከነኝ። በደጅ ቆሞ ማንኳኳት የማን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ይህንኑ ነገርኳት።

«መጽሐፉ ላይስ በመስኮት ነው የሚገባው» አለችኝ። «እኔ ነኝ በበር ያመጣሁት።»

«ለጋኔን ግን ይሄ ይገባዋል፣ እትዬ ትርንጎ? ማንኳኳት የጌታ ነው።»

«ከእሱ ተምሮ ይሆናላ» አለች።

ንባቡን ስትጨርስ ሁልጊዜ የምትጠይቀን ጥያቄ ነበራት። «ምን ይሁንላችሁ?» ትለናለች፣ አስተናጋጅ ምን ልታዘዝ እንደሚለው። የተናገርነውን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ፣ ከየስማችን ፊት ለፊት ትጽፈዋለች። ፋጡማ ጋኔኑ እንዳይሞት ለመነች። በላይነሽ ተጠምቆ በቁርባን እንዲጋቡ ፈለገች፤ «ክርስትና አባቱን እኔ እፈልግለታለሁ» አለች። አንዳንዴ ይጣላሉ። ፋጡማ ጋኔኑ ደግ ከሆነ ምኑን ጋኔን ሆነ ትላለች። ለሌላው ሁሉ ክፉ ይሁን፣ ለእሷ ብቻ እጁ ይንቀጠቀጥ። በላይነሽ ለአንቺ ብቻ ደግ የሆነ ሰው ነገ ለአንቺም አይሆንም ትላታለች።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሴት የምትወደው ለክንፉና ለደረቱ ይመስለኝ ነበር። ትርንጎ ግን የምንለውን ሁሉ ስታዳምጥ ከርማ አንድ ቀን ካውያው አጠገብ ቆማ እንዲህ አለች፦

«እናንተ የሚያስፈራ ነገር አምሯችሁ አይደለም። የሚያስፈራ ነገርማ ቤታችሁ ሞልቷል። የምትፈልጉት የሚያስፈራው ራሱ እንዲፈራላችሁ ነው። ተራራ የሚንድ እጅ የእናንተን ጉንጭ ሲነካ እንዳይሰብር ሲጨነቅ ማየት። ሌላ ምንም አይደለም።»

«መልአኩስ?» አለቻት በላይነሽ።

«ከመልአኩ የምትፈልጉት ደግሞ ለእናንተ ሲል አንድ ቀን ቅዳሴ እንዲያረፍድ ነው።»

ሳቁ። እኔ አማተብኩ። ግን ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መልአኩን አይወዱትም ነበር። «ይሄ ደግሞ ቆሞ ያያል እንጂ ምን ይሠራል?» ትላለች ፋጡማ። «ስትወድቅ ያያል፣ ስትታመም ያያል። የዘበኛ ደሞዝ ይከፈለው እንዴ?» ትርንጎ ሁልጊዜ ታዝንለታለች። «ይወዳታል እኮ፤ ጥንቁቅ ሆኖ ነው» ትላለች። እንዲህ ስትል እኔን አታየኝም። እኔ ግን የያዝኩትን የትራስ ልብስ ሁለት ጊዜ እተኩሳለሁ።

በዚያ ሁሉ ወራት አንድ ጊዜ ብቻ የራሴን ምኞት ተናግሬአለሁ። ብርቅነሽ ያልሠራችውን ሠራሽ ተብላ ሰው ሁሉ የፈረደባት ምዕራፍ ላይ ነው። መልአኩ እውነቱን አይቷል፤ ቆሟል። «ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ቢናገር» አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እማሆይ አፍ አወጣች» አለች ፋጡማ። ትርንጎ አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። መልአኩ በመጽሐፉ ውስጥ ቆሞ በሄደበት ሁሉ የአበባ ሽታ ይተዋል። ትርንጎ በዚህ ምክንያት መልአከ ጽጌ አለችው። ቆንጆ ስም ነው። ከገበያው በላይ ያለችው፣ እኔ የምሳለማት ትንሽዬ ደብር አለቃም ማዕረጋቸው መልአከ ጽጌ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ስም እንጂ በክርስትና ስማቸው አይጠራቸውም። ትርንጎ የምትሳለመው ሌላ ዘንድ ስለሆነ አታውቅም፤ ፋጡማና በላይነሽም አያውቁም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስሙን በሰማሁበት ቀን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የአለቃን ስም ከዚህ ነገር ጋር በአፌ አላነሣም ብዬ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ጥንቃቄ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ሦስተኛውን ደብተር አንድ ቅዳሜ ይዤው ወጣሁ። ከሃይማኖት የሚጋጭ ነገር እንዳለበት ልመረምር ነው ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት። እውነቱ ግን መልአኩ በመጨረሻ የብርቅነሽን እጅ የያዘበትን ገጽ ብቻዬን ላነበው ፈልጌ ነው። ነጠላዬ ውስጥ ደብቄው በደብሩ በኩል ሳልፍ የሠርክ ጸሎት ጀምሮ ነበር። ገባሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የያዝኩት ነገር ትዝ አለኝ። የጋኔን ታሪክ ይዤ ወደ ውስጥ አልገባም አልኩ። ደብተሩን ከጫማዬ ጋር፣ ጫማዬን ደግሞ ከሌላው ሰው ጫማ ጋር አድርጌ ገባሁ።

ስወጣ ጫማዬ አለ። ደብተሩ የለም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረውን በቃሌ አውቀዋለሁ። «መልአከ ጽጌ እጇን ያዘ። ስለ አንቺ ስል ሹመቴን እተዋለሁ አላት» ይላል። እስከ ሰኞ ያን ገጽ ያላየ የለም፤ ፎቶ አንስተው በስልክ ተቀባበሉት። አንዱ ወገን አለቃው ሴት ወደዱ አለ። ሌላው ወገን የባሰ ተናገረ። ጋኔን የሚጠራ ጽሑፍ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተገኝቷል፣ ይህ ድግምት ነው፣ አለቃውን ለማጥፋት የተጣለ ነው አለ። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ለማወቅ ማንም አልተቸገረም፤ የሆቴሉን ማስታወቂያ ሁሉ፣ የሰፈሩን የዕድር ሰሌዳ ሳይቀር የምትጽፈው ትርንጎ ነበረች።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ በሆቴሉ ምግብ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ፣ ከደብሩ ጉባኤ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ እኛ አራታችን፣ እና አለቃው ራሳቸው። መልአከ ጽጌ ሰባ ዓመት የዘለሉ፣ ዓይናቸው ላይ ሞራ የወጣባቸው ሰው ናቸው። ትርንጎ ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አንቺ ነሽ ጸሐፊዋ?»

«አዎ አባቴ።»

«በይ እስቲ አንብቢልኝ፤ ምን እንደተባልኩ ልስማው።»

«ከየት ልጀምር?»

«ከመጀመሪያው ነዋ። ከመካከል የተሰማ ነገር ነው ሰውን የሚያጣላው።»

የመጀመሪያውን ደብተር አስመጡና ማንበብ ጀመረች። ሽማግሌው ይቁነጠነጣሉ። አለቃው መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ያዳምጣሉ። ጋኔኑ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ እስከ አሥር ሲቆጥር እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ቆይ፤ ይሄ ጋኔን አንኳኩቶ ነው የሚገባ?»

«አዎ አባቴ።»

«ጠበል ቦታ አርባ ዓመት ቆሜአለሁ። አንድም ያንኳኳ አልገጠመኝም» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ከዚያስ?»

በላይነሽ ሳቋ አመለጣት። ትርንጎም ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች። አነበበች። «ከዚያስ?» አሉ እንደገና። ሽማግሌው አላስቻላቸውም።

«አባታችን፣ ነገሩ እኮ ከዚያስ አይደለም። ይህን የመሰለ ጽሑፍ ደጃችን ላይ ማን ጣለው ነው። ጸሐፊዋ እዚያ አትሳለምም፤ ማንም አይቷት አያውቅም። ሳትሳለም ለምን መጣች? የመጣችው ለዚሁ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኛ ዞረ። «ደብተሩ ከጫማዎች መካከል ነው የተገኘው። ማን ነው የወሰደው?»

እጆቼን አየሁ። ከካውያው የተነሣ አውራ ጣቴ ላይ ትንሽ ቃጠሎ ነበር፤ እሱን አየሁት። እናገራለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ አሰብኩ። ሦስቱንም ጊዜ ማሰብ ብቻ ሆነ።

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

ማነው ሲባል ስሟን ትታ ያን ቃል ስትመልስ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«ለምን?» አሏት ሽማግሌው።

«ልሳለም ገብቼ ነው። የጋኔን ታሪክ ይዤ ወደ ውስጥ መግባት ስላልፈለግሁ ከጫማዬ ጋር ተውኩት። ስወጣ አጣሁት።»

ደብተሩ ከጫማዎች መካከል መገኘቱን ሁሉም ሰምቷል። ይዞ መግባት ያልፈለገ ሰው መኖሩን ግን ማንም አልተናገረም። ያ የእኔ ነው። አውቃለች ማለት ነው። ከእኛ አራታችን መካከል እንዲህ የምታደርገው ማን እንደሆነች ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

አለቃው ወደ ድምፅዋ ዘንበል አሉ። «ልጄ፣ ስሙን ለውጪው። ለእኔ ክንፍ ቢሰጡኝም በዚህ ጉልበት አልነሣም።»

«ይማሩኝ አባቴ።»

«ይፍታሽ።»

ለእሳቸው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ለሌላው አላለቀም። ሽማግሌው ጣለች የሚለውን በቃለ ጉባኤ አሰፈሩ፤ ራሷ አምናለች ተብሎ ወሬው ጸደቀ። ከአሥር ቀን በኋላ ስለ ሆቴሉ መልካም ስም የሚል አጭር የስንብት ደብዳቤ ደረሳት። አጥፋ፣ በእጇ ጀርባ ዳብሳ፣ ኪሷ ከተተችው።

የሄደች ዕለት ጠዋት ሻንጣዋን ይዤ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። በጋሸና አድርጋ ወደ ኮን ልትሄድ ነው። መኪናው እስኪሞላ ቆመን ጠበቅን። ስለ ካውያው አወራችኝ፤ ገመዱ እየተላጠ ስለሆነ እንዳስቀይረው። እሺ አልኳት። ረዳቱ ግቡ ብሎ ሲጣራ ወደ እኔ ዞረች።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

ጠበቀችኝ። በልቧ እየቆጠረች እንደነበር አሁን ይገባኛል።

«የለም» አልኩ። «እግዚአብሔር ይከተልሽ።»

«እሺ እማሆይ» አለችኝ።

በዚያ ስም የጠራችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም። ስልኳ ነበረኝ፤ አልደወልኩም። እሷም አልደወለችም።

ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ስግደቱንም ጾሙንም አንድ ሳላጎድል ፈጸምኩ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማጽደቅ አይደለም። ለካህን ተናግሬአለሁ፤ ለሰው ግን አልተናገርኩም። እሷ ኮን ገብታ የደጋሚ ስም ተሸክማ በኖረችባቸው ዓመታት እኔ በደንብ የምጸልይ ሰው ነበርኩ። መንገዱ ሲዘጋና እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ወልድያ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጁባ መጣሁ። እዚህም ሥራዬ ያው ነው። አዲስ የሚመጡትን ልጆች ማንኳኳት አስተምራለሁ። ከየት እንደተማርኩት አንዷም ጠይቃኝ አታውቅም።

የቀሩትን አምስት መልእክቶች የከፈትኳቸው በሦስተኛው ቀን ነው። አራቱ ፋጡማ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ የምትጠይቅባቸው ናቸው። የመጨረሻው ረጅም ነበር።

«የትርንጎ እህት አንድ ደብተር ሰጠችኝ። አራተኛው ነው፤ ኮን ሆና የጻፈችው። ያረቢ፣ እርሳሱ ሁሉ ፈዟል። ታሪኩ አላለቀም። መልአኩም ስም የለው፣ መልአኩ ብቻ ትለዋለች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ ላንብብልሽ። ‹በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ብርቅነሽ ተነሣች። ማነው? አለች።› በቃ። ከዚያ ባዶ ነው። ማን እንዳንኳኳ እንኳ አልጻፈችም፤ መልአኩ ይሁን ጋኔኑ። ብዙ ገጽ ባዶ አለው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን የኛ አለ፣ ያ ምን ይሁንላችሁ የምትለን። ፋጡማ፦ ጋኔኑ እንዳይሞት። በላይነሽ፦ ይጠመቅና በቁርባን ይጋቡ። አባ መልአከ ጽጌ፦ ከዚያስ? እሳቸውንም ጽፋቸዋለች፣ አየሽ! ከሥሩ ደግሞ የሺእመቤት ይላል። መጀመሪያ የሺእመቤት ማናት ብዬ ግራ ገባኝ እኮ። ለካ አንቺ ነሽ። የሺእመቤት፦ መልአኩ አንድ ጊዜ ይናገር።»

ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«እህቷ ነገ ወደ ኮን ትመለሳለች። የምታውቂው ነገር ካለ በድምፅሽ ላኪው፤ እኔ አሰማታለሁ።»

ነገ ያለችው ካለፈ ስንት ቀን እንደሆነው አላውቅም። አንሶላ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስልኩን አፌ አጠገብ አደረግሁና ተጫንኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አጠፋሁት። እንደገና ተጫንኩ።

«የሺእመቤት ታደሰ እባላለሁ። ለትርንጎ እህት ነው። ላሊበላ ከትርንጎ ጋር ላውንደሪ ሠርቻለሁ። ደብተሩን ወስጄ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ከጫማዬ ጋር ያስቀመጥኩት ራሴ የሺእመቤት ነኝ። ድግምት አይደለም። ትርንጎ አልጣለችውም፤ በዚያ ቀን እዚያ አልነበረችም። ሲጠየቅ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አልተናገርኩም። ይህን ለፈለግሽው ሰው አሰሚ። ደብሩ ድረስም ይሂድ።»

ላክሁት። አንድ ምልክት አሳየ። ሁለተኛው፣ መድረሱን የሚያሳየው፣ አልመጣም፤ ኔትወርኩ እንደገና ጠፍቶ ይሆናል።

እስከ አሥር ቆጠርኩ። ከዚያ በሩን ከፍቼ ወደ ሥራዬ ወጣሁ።